የዲቫይደር አያያዝ፦ በአሕመድ ዳጋህ ተከራይቶ ለሚኖር ወገን የተሰጠ ምክር

ወዳጄ ሆይ፣ ሐርጌሳ፣ አሕመድ ዳጋህ ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይተሃል እንበል። አራት ግድግዳ፣ አንድ መስኮት፣ አንድ ሶኬት። ኤዶ (አከራይህን በአገሩ ወግ አክስቴ እያልክ ነው የምትጠራት) ቁልፉን ስታስረክብህ ኪራዩ በወሩ በስንተኛው ቀን በዛድ፣ በስልክ ገንዘብ መላኪያው፣ እንደሚላክላት፣ የግቢው በር ማታ በስንት ሰዓት እንደሚዘጋ፣ የውሃ ቦቴው መቼ መቼ እንደሚመጣ አንድ በአንድ ነግራሃለች። ስለ ሶኬቱ ትንፍሽ አላለችም። ስለ ሶኬት አስቦ የሚናገር አከራይ ሐርጌሳም፣ ድሬዳዋም፣ አዲስ አበባም ገና አልተወለደም። ይህ ምክር የኤዶን ዝምታ ለመሙላት የተዘጋጀ ነውና በጥሞና አንብበው። ስልክህን ቻርጅ ላይ ሰክተህ የምታነብ ከሆነ ግን መጀመሪያ ስፒናውን በእጅህ ጀርባ ዳሰስ አድርገው።

ለብ ብሏል? እንቀጥል።

ቶጎ ውጫሌ ላይ ሻንጣህ ሲፈተሽ ማንም ያላየብህ፣ ቀረጥም ያልከፈልክበት አንድ ነገር ይዘህ ገብተሃል። ‹ከገባ ይሠራል› የሚለው የአገር ቤት እምነት ነው። ቁልፉ ከገባ በሩ የኛ ነው፤ እግሩ ከገባ ጫማው ልክ ነው፤ ስፒናው ከገባ ደግሞ ተፈቅዷል ማለት ነው። አገር ቤት ሳለህ ሁለት ክብ እግር ያለው ስፒናህ በሄደበት ሁሉ ቀዳዳ አያጣም ነበር። እዚህ ግን ግድግዳው ላይ ያገኘኸው የእንግሊዝ ዓይነት ሶኬት ነው፤ ሦስት ባለማዕዘን ቀዳዳ ከፍቶ ይመለከትሃል። እንግሊዝ ይህን አገር እስከ ጁን 26 ቀን 1960 እ.ኤ.አ. ይዛው ቆይታ ሄዳለች፤ ቀኑም ከሐርጌሳ ወረዳዎች የአንዱ ስም ሆኖ ቀርቷል። አሁን ዕቃው በርበራ ወደብ ላይ የሚራገፈው በብዛት ከዱባይ ነው፤ ዱባይም የምትሰካው በዚሁ በባለ ሦስት እግሩ ነው። ስለዚህ ባለ ሁለት እግር ስፒናህ እዚህ ስደተኛ ነው፤ እንደ ማንኛውም ስደተኛ በር ላይ የሚያስገባው ሰው ይፈልጋል።

የሚያስገባውን ሰው መቼም አታጣውም። ጎረቤትህ የሆነ አንድ ወንድማችን የእስክርቢቶ ክዳን ይዞ ይመጣና በላይኛው ቀዳዳ ጫን ያደርጋል፤ ያኔ የታችኞቹ ሁለቱ ቀዳዳዎች ቀጭ ብለው ይከፈታሉ፤ ስፒናህም እየተንገዳገደ ይገባል። ‹አየህ? ቀላል ነው› ይልሃል። እውነቱን ነው፣ ቀላል ነው። እንግሊዞች ይህን ሶኬት እ.ኤ.አ. በ1947 በደንብ ደረጃ ሲያወጡለት በታችኞቹ ሁለት ቀዳዳዎች ላይ መዝጊያ ያደረጉት ልጅ ምስማር እንዳይከትባቸው ነበር። መዝጊያውን የሚከፍተው ረጅሙ የላይኛው እግር ነው፤ ያ እግር ግራውንድ ነው። አስቀድሞ ግራውንዱ ይያዝ፣ ከዚያ ኃይሉ ይግባ ብለው አስልተው ነው። የእኛ ሰው ይህን ሁሉ ስሌት በአንድ የእስክርቢቶ ክዳን አሸነፈው። በዚህ ልኮራ ይቃጣኛል፤ ነገር ግን ክቡ እግር በባለማዕዘኑ ጉሮሮ ውስጥ ጥብቅ ብሎ አይያዝም፤ ጫፍ ለጫፍ ብቻ ይነካካል። በተነካካባት በዚያች ነጥብ ላይ ይሞቃል፣ ይፈነጥራል፣ ቀስ እያለ ይጠቁራል። ስለዚህ የምመክርህ የሚከተለውን ነው፦ እስክርቢቶህን አትጣለው፤ ለእናትህ ደብዳቤ ጻፍበት። ለሶኬቱ ግን ፊውዝ ያለበት አዳፕተር ግዛ።

አዳፕተሩን ልትገዛ ገበያ ከወጣህ ዲቫይደርም ሳትገዛ አትመለስም፤ ይህንን አውቃለሁ። በመደርደሪያው ላይ አንዱ ከሌላው ደምቆ ተሰልፏል። አንዱ ቀይ መብራት አለው፣ አንዱ ለየቀዳዳው ማብሪያ ማጥፊያ አለው፣ አንዱ የዩኤስቢ መሰኪያ አለው። ከሁሉ አስቀድሞ ዓይንህን የሚስበው ግን ያ ሁሉን የሚቀበለው ነው፤ ክቡንም፣ ጠፍጣፋውንም፣ ባለማዕዘኑንም ‹ግቡ!› የሚለው። እንግዳ ተቀባይነቱ የሚያስመሰግን ነው። አንዱንም እንግዳ አጥብቆ አለመያዙ ብቻ ነው ጉዳቱ። ለሁሉም እንዲበቃ ተብሎ የሰፋ ቀዳዳ ለማንም ልክ አይሆንም፤ መዝጊያም የለው፣ ብዙ ጊዜ ፊውዝም የለው፣ ሦስተኛውን ቀዳዳ ሲፈቱት ደግሞ አንዳንዴ ከምንም ያልተያያዘ የብር ቀለም ያለው ቁራጭ ብረት ይገኛል። ለጌጥ ነው።

ነጋዴው ካርቶኑን ያሳይሃል፤ ‹13 አምፔር፣ 250 ቮልት፣ 3,000 ዋት› ተብሎ በትልቁ ተጽፏል። የካርቶን ጽሑፍ የሥነ ጽሑፍ ዘርፍ ነው፤ አድንቀው እለፍ። አንተ የምታነበው ገመዱን ነው። ገመዱን ወደ ብርሃን አዙረህ ጎኑ ላይ በጠባቧ የተቀረጸችውን ቁጥር ፈልግ። 3 × 0.75 ካለ፣ በውስጡ ያለው ሽቦ የ0.75 ካሬ ሚሊ ሜትር ውፍረት አለው፤ እንዲህ ያለው ገመድ እሸከመዋለሁ የሚለው 6 አምፔር ያህል ነው። 13 አምፔር ሊሸከም የሚችል ዲቫይደር ገመዱ ቢያንስ 1.25፣ ይልቁንም 1.5 መሆን አለበት። ምንም ያልተቀረጸበት ከሆነ በመዳፍህ መዝነው፤ ቅልል ካለህ በውስጡ መዳብ የለም ማለት ነው፣ መልሰው። ነጋዴው ‹ወንድሜ፣ ሁሉም ሰው ይህንኑ ነው የሚገዛው› ይልሃል። ውሸት አልተናገረም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር መጣን። ባለ ስድስት ቀዳዳ ዲቫይደር ስትገዛ ስድስት መብራት የገዛህ ይመስልሃል። የገዛኸው ስድስት ቀዳዳ ነው፤ መብራቱ ያው ከግድግዳው የሚመጣው አንዱ ነው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክም፣ ለሃምሳ ሰው ጌጥ ነው ሲባል ሰምተሃል። ዲቫይደሩ ላይ ሃምሳ ሰው ተሸካሚ ያለ ይመስላል፤ ከኋላው ግን ሃምሳውንም ሎሚ የተሸከመው ያ አንዱ ሰውዬ፣ ግድግዳው ውስጥ ያለው ሶኬት ነው።

እኛ ደግሞ የምንቆጥረው ቀዳዳውን ነው። ሁሉም ቀዳዳ የተያዘበት ዲቫይደር ስናይ እንደነግጣለን፤ አንድ ብቻ የተሰካበት ስናይ ደግሞ ደስ ይለናል። ሙቀት ግን ቀዳዳ አይቆጥርም፣ ዋት ነው የሚቆጥረው። በአንድ ክፍል ተዳብለው የሚኖሩ የቀን ሠራተኞች ስልካቸውን በሙሉ ባንዴ ቢሰኩ፣ አንዱ ቻርጀር 20 ዋት ቢወስድ፣ ሃያ ቻርጀር 400 ዋት ነው። ይህን 0.75ቱ ገመድ እያፏጨ ይሸከመዋል። የሻይ ውሃ ማፍያው ግን ብቻውን እስከ 2,000 ዋት ይጎትታል፤ የልብስ ካውያውም ከዚያ ብዙ አይርቅም። ሁለቱ ባንድ ጊዜ ከሠሩ ግድግዳው ያለው ነገር አለቀ፤ ባለ 13 አምፔሩ ሶኬት በ220 ቮልት የሚሰጥህ 2,860 ዋት ነው። ሸሚዝህን እየተኮስክ ሻይ ማፍላት ካማረህ እንግዲህ አንዱን ምረጥ፤ ወይ ንጹሕ ሸሚዝ፣ ወይ ትኩስ ሻይ።

እኅቴ ሆይ፣ ከዚህ በኋላ ያለው ላንቺ ነው። (ወንድሜም ቢሆን አብሮ ያንብብ፤ የሚበላው እንጀራ ነውና።) በሐርጌሳ ላሖህ (የሱማሌው እንጀራ) ሞልቷል፤ ጠዋት ጠዋት በቅቤና በስኳር ወይም በማር ሲቀርብ አይጠላም። ግን ከወር በኋላ ሆድ እንጀራ ይላል። በዚህ ጊዜ ከጅግጅጋ በመኪና የተጫነ የኤሌክትሪክ ምጣድ ግቢ ይደርሳል፣ ጎረቤቱ ሁሉ እልል ይላል፣ ስፒናው ዲቫይደሩ ላይ ይሰካል። አንድ ስፒና፣ አንድ ቀዳዳ፤ አምስቱ ባዶ። ማን ይጠረጥረዋል?

ያ ምጣድ ከ3,500 እስከ 4,000 ዋት ይበላል። በአምፔር ከ16 እስከ 18 መሆኑ ነው። 13 አምፔር ከሚሰጥ ሶኬት 17 አምፔር እየጠየቅሽው ነው ማለት ነው። ‹ፊውዙ ይቆርጣል› ትዪኛለሽ። አይቆርጥም፤ ጉዱ እዚህ ላይ ነው። በስፒናው ውስጥ ያለው ባለ 13 ፊውዝ ሾርት ሲያደርግ በቅጽበት ይቆርጣል፤ እንዲህ በመጠኑ ሲያልፍበት ግን እየሞቀ እየሞቀ ለረጅም ጊዜ ይታገሣል። እንደ ፊውዝ ታጋሽ ጎረቤት ኖሮሽ አያውቅም። ሙቀት ደግሞ በኃይሉ ልክ አይጨምርም፤ ኃይሉ እጥፍ ሲሆን ሙቀቱ አራት እጥፍ ነው። ለ6 አምፔር በተሠራው በ0.75ቱ ገመድ 17 አምፔር ሲያልፍ ሽቦው ሊችለው ከሚገባው ስምንት እጥፍ ያህል ሙቀት ያወጣል። ሠላሳ እንጀራ እስክትጋግሪ ድረስ። ገመዱ ተጠቅልሎ ከአልጋው ሥር የተቀመጠ ከሆነማ ሙቀቱ መውጫ ስለሚያጣ፣ ከምጣዱ ቀድሞ የሚበስለው ገመዱ ነው።

ሌላም አለ። ምጣድ ይነዝራል። ይህን የማያውቅ ኢትዮጵያዊ ቤት የለም፤ መፍትሔውንም እናውቃለን፣ የስፖንጅ ነጠላ ጫማ አድርጎ ጣውላ ላይ ቆሞ መጋገር። አክንባሎውን የምታነሳው ሴት ከእናቷ የተማረችው የመጀመሪያው የኤሌክትሪክ ትምህርት ‹ባዶ እግርሽን አትንኪው› የሚል ነው። ምጣዱ የሚነዝረው ከሥሩ ያለው የሚግለው ሽቦ በእርጥበት ወይም በእርጅና ኃይል ወደ ቆርቆሮው ሲያሾልክ ነው፤ ያንን የሾለከ ኃይል ወስዶ መሬት የሚያስገባው ግራውንድ ነው። ባለ ሁለት እግሩ ስፒና ግራውንድ ስለሌለው መሬት የሚያስገባው ሌላ ነገር ይፈልጋል። አንቺን ያገኛል። እንግዲህ ነጠላ ጫማውን አታውልቂ፤ ግን ነጠላ ጫማ የኤሌክትሪክ መሣሪያ ነው ብለሽም አታስቢ።

የሚሻለው ይህ ነው። ኤዶን ቡና ጋብዣት። ከሁለተኛው ስኒ በኋላ፣ ከቆጣሪው አጠገብ ለምጣዱ ብቻ የተለየ መስመር እንዲዘረጋ ጠይቂያት፦ ባለ 4 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ፣ የራሱ ባለ 20 ወይም ባለ 25 ብሬከር፣ እውነተኛ ግራውንድ፣ ምጣዱን የሚችል መሰኪያ። ሥራውን ሙያውን የሚያውቅ ኤሌክትሪሺያን ይሥራው፤ ‹ቴስተር አለኝ› የሚል ሁሉ ኤሌክትሪሺያን አይደለም። ኤዶ ወጪውን ሰምታ ከከበዳት ስለ ሂሳቡ አውሪያት። በዚህች ከተማ መብራት የመንግሥት ሆኖ በሳንቲም የሚከፈልበት አይደለም። ከተማዋ እ.ኤ.አ. በ1988 በአውሮፕላን ተደብድባ ከፈራረሰች በኋላ እንደገና ስትነሳ መብራቱን የመለሰው ጄኔሬተር ያለው ነጋዴ ነው፤ ዛሬም የሚሸጡት የግል ኩባንያዎች ናቸው፣ ዋጋውም እኛ አገር ከለመድነው ጋር አይገናኝም። ሶኬቷ ስትሞቅ ያ ሙቀት ራሱ በቆጣሪው ውስጥ አልፎ የመጣ ነው፤ ግድግዳ ለማሞቅ ገንዘብ እየወጣ ነው። ኤዶ ይህን ስትሰማ ቡናውን አስቀምጣ ትነሳለች።

ወደ አንተ ልመለስ፣ ወዳጄ። አንድ ዲቫይደር አልበቃ ሲልህ ሁለተኛ ገዝተህ በመጀመሪያው ላይ ትሰካለህ፤ ከዚያ ሦስተኛው መስኮቱን አልፎ ጎረቤትህ ክፍል ይገባል። እዚህ አገር ሰው አያት ቅድመ አያቱን ወደ ላይ እየቆጠረ ዘሩን መናገሩ ክብሩ ነው። ዲቫይደር ግን የዘር ሐረግ አያስፈልገውም። እኛም እስከ ሰባት ቤት ቆጥረን ዘመዳሞችን እንዳይጋቡ እንደምንከለክል ሁሉ፣ ዲቫይደርን ከዲቫይደር አታጋባ። የሚወለደው ጤነኛ አይሆንም።

የአቀማመጡን ነገር ባጭሩ ልንገርህ። መሬት አታስቀምጠው፤ ጠዋት ወለሉ በውሃ ይታጠባል፣ ከሰዓት በኋላ አቧራው ይገባል፣ ሁለቱ ዲቫይደሩ ውስጥ ሲገናኙ አይስማሙም። ግድግዳ ላይ ስቀለው። ምንጣፍ ሥር አትቅበረው። በተለይ ከአወዳይ የመጣው ጫት ተዘርግቶ፣ ፍራሹ በግድግዳው ዙሪያ ተነጥፎ፣ ስልኮቹ ሁሉ ከትራሱ ሥር ቻርጅ ላይ በሆኑበት ሰዓት ማንም ተነስቶ ‹መስመሩን በዚህ ብናዞረውስ?› ቢል በትሕትና ወደ ነገ አሳልፉት። በምርቃና የተቀየሰ የኤሌክትሪክ መስመር በምርቃና ብቻ ነው የሚሠራው። መብራት ሲሄድም ሻማ ከመፈለግህ በፊት ካውያህንና ምድጃህን ንቀል፤ መብራቱ የሚመለሰው አንተ ሥራ ቦታ ሳለህ፣ ካውያው ሸሚዙ ላይ ተኝቶ ሊሆን ይችላል።

ሽታም አለ። ሶኬት ወይም ዲቫይደር ከመጠን በላይ ሲሞቅ ፕላስቲኩ ብዙ ጊዜ ዓሣ ዓሣ ይሸታል። ሐርጌሳ የግመልና የፍየል ሥጋ ከተማ ናት። ማታ ቤትህ ዓሣ ከሸተተህና ከግቢው ዓሣ የጠበሰ ከሌለ፣ ምራቅህን ዋጥ አድርገህ ወደ ብሬከሩ ሂድ። በቀን ብርሃን ደግሞ የዲቫይደርህን ፊት እየው፤ ነጩ ወደ ቢጫ ከሄደ፣ በአንዱ ቀዳዳ አፍ ዙሪያ ቡናማ ቀለበት ካሠረ፣ ስፒናው ሲነቀል እንደ ማስቲካ ከተለጠጠ፣ ዕድሜውን ጨርሷል። በፕላስተር አትጠቅልለው። ለጎረቤት አትስጠው፤ ምጽዋት አይሆንም። ገመዱን ቆርጠህ ጣለው፣ ካልቆረጥከው ከቆሻሻው አንስቶ የሚሰካው ይገኛል።

እዚህ ላይ ድምፄን ለጥቂት አፍታ ልለውጥ። ዓርብ ኤፕሪል 1 ቀን 2022፣ በእኛ መጋቢት 23 ቀን 2014፣ የረመዳን ዋዜማ ማታ፣ የሐርጌሳ ትልቁ ገበያ ዋሄን ተቃጠለ። በወቅቱ እንደተነገረው 2,000 ያህል ሱቆችና መደቦች ወደሙ፣ 28 ሰዎች ተጎዱ፣ ያኔ ፕሬዚዳንት የነበሩት ሙሴ ቢሂም ጉዳቱን ከ1.5 እስከ 2 ቢሊዮን ዶላር ገምተውት ነበር። ለጾሙ የተከማቸው ዕቃ ሁሉ እዚያ ነበር። ብዙ የእኛም ሰዎች በዚያ ገበያ ጭነት ሲያወርዱ፣ ሻይ ሲያፈሉ ይውሉ ነበር። እሳት አደጋ መኪናዎቹ ደርሰው ሳለ በጠባቡ መተላለፊያና በመንገዱ ላይ በተዘረጋው መደብ መሐል መግባት አቃታቸው። መርካቶ ሸማ ተራ ጥቅምት 11 ቀን 2017 ማታ ሲቃጠልም መኪናዎቹ ይህንኑ መጥበብ ነው ያገኙት። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ለዚህ ነው፤ ከተቃጠለ በኋላ ቅጠሉም፣ ውሃውም፣ መኪናውም መንገድ ላይ ይቀራል።

ስለዚህ ከግቢህ በር ላይ ያቆምካትን ቪትዝ ዘወር አድርጋት። ያንተ ካልሆነች ባለቤቷን ለምነው፤ ‹ለአምስት ደቂቃ ነው ያቆምኳት› ይልሃል፣ ከትናንት ወዲያም ይህንኑ ብሎሃል።

የመጨረሻው ምክር የአፍ ነው። እሳት ሲነሳ ሰው የሚጮኸው በእናቱ ቋንቋ ነው፤ አንተም ‹እሳት! እሳት!› ብለህ ትወጣለህ፣ ጎረቤቶችህም ኢትዮጵያዊው ዛሬ ምን ነካው ብለው በመስኮት ያዩሃል። በሱማሊኛ ‹ደብ!› በል፤ ሰፈሩ በሙሉ ይወጣል። ሲመጡ ግን ባልዲ ውሃ ይዘው ነው፤ ኃይሉ ባልጠፋ ኤሌክትሪክ ላይ ውሃ ከተደፋ ደግሞ የሚወድቀው ውሃውን የደፋው ነው። ስለዚህ ሁለት ቃል ጨምር። ‹ቢዮ ማያ!› ማለት ውሃ አይሆንም ነው፤ ‹ደሚ!› ማለት አጥፋ ነው፣ ይህን ስትል ወደ ብሬከሩ ጠቁም። ብሬከሩ ከወረደ በኋላ ባልዲውም፣ አሸዋውም፣ እርጥብ ብርድ ልብሱም እንኳን ደህና መጡ። እሳቱ ከበረታ ደግሞ ቴሌቪዥኑን ላውጣ አትበል፤ ልጆቹን ይዘህ ውጣ፣ በሩን ከኋላህ ዝጋው።

ቃላቱን ዛሬውኑ አጥናቸው፤ ‹ቢዮ›ን እና ‹ማያ›ን እንደልብህ ጮክ ብለህ ተለማመድ። ‹ደብ›ን ግን በሹክሹክታ፣ በተለይ ማታ ማታ። ኤዶ አንዴ ባልዲ ይዛ በባዶ እግሯ ከመጣች በኋላ ልምምድ ነበር ብትላት አታምንህም።